ከራት ጭፈራው ይልቅ ብሔራዊ ትያትር

ለገና አገር ቤት የሚገባ ዳያስፖራ ሙዚቃ የሚሰማው ባብዛኛው ሁለት ቦታ ነው። ሠርግ ላይና ቦሌ አካባቢ ካሉት የባህል ምግብ ቤቶች ባንዱ። እኔም ከቶሮንቶ በመጣሁ ቁጥር ልማዴ ይኸው ነበር። ዘንድሮ ግን ትምህርት ቤቷ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ መሣሪያ) የምትጫወት ልጄ አብራኝ ነበረች። «የእናንተ ኦርኬስትራ የት ነው የሚጫወተው?» ስትለኝ ብሔራዊ ትያትር ልወስዳት ወሰንኩ።

የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ከፍዬ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እንደ አንድ ተገልጋይ ነው የምናገረው። ከሁሉም በላይ ገንዘቤን የካሰልኝ ብሔራዊ ትያትር ነው። የቀሩትንም እግረ መንገዴን እነካካቸዋለሁ። የማማርረውን ግን ስም አልጠራም፤ ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

ከምግብ ቤቱ ልጀምር። ገና ካለፈ በኋላ ነው የሄድነው። ዶሮ ወጡ እጅ ያስቆረጥማል። አስተናጋጆቹም ፈጣን ናቸው። ችግሩ ድምፁ ነው። ክራሩ ከስፒከር ጋር ተገናኝቷል። ከበሮው ማይክ ተደቅኖበታል። ከኋላ ደግሞ ኪቦርድ አለ። አጠገቤ የተቀመጠችውን አክስቴን ያናገርኳት በምልክት ነው። ተወዛዋዦቹ ግን ጎበዞች ናቸው፤ ላባቸው ጠብ እስኪል ይሠራሉ። ነገር ግን ልብስ እየቀያየሩ ከጎጃም ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወላይታ፣ ከወላይታ ትግራይ ሲሉ አገሩን ባንድ ሰዓት ያዳርሱታል። አንዱን ሳታጣጥሙት ሌላው ይመጣል።

ከዚያ ዘፋኙ በየጠረጴዛው ይዞራል። ስም ጠይቆ ያወድሳል። እናንተ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ያያችኋል፤ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ መለጠፍ ግድ ይሆናል። ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ 15 በመቶ ቫትና የአገልግሎት ክፍያው ከላይ ተደምሮበታል። ሜኑው ላይ ያያችሁትን ዋጋ እርሱት። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። «ቆንጆ ነበር፤ ግን ምን እንደሰማሁ አላውቅም» አለች። እኔም ብሆን አላውቅም።

በማግስቱ ያረፍንበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያለውን ወጣት ጠየቅኩት። የብሔራዊ ትያትር የሙዚቃ ዝግጅት መቼ እንደሆነ ያውቅ እንደሆን ነው። ቀና ብሎ አየኝና «እህቴ፣ እንጦጦ ፓርክ ልውሰዳችሁ? መኪና አለኝ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

እንግዲህ ከውጭ ለምትመጡ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው። ፕሮግራሙን ሆቴል ውስጥ አትፈልጉ። የከተማችን ትያትር ቤቶች ዛሬም በቆየው ልማዳቸው ነው የሚሠሩት። ለአንድ ትያትር በሳምንት አንድ ቀን ይመደባል። ሥራው በዚያች ቀን እየታየ ወራትን፣ ከተወደደም ዓመታትን ይዘልቃል። የሙዚቃው ዝግጅት ደግሞ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን ይደምቃል። ደጃፉ ላይ የሚሰቀለው ፖስተር ከማንም በላይ ይታመናል። በዚያ በኩል የሚያልፍ ዘመድ ካላችሁ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ፖስተሩ ላይ 8 ሰዓት ከተባለ ከምሳ በኋላ ነው። ውጭ አገር ላደጉ ልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የኔዋ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጫማዋን አድርጋ ልትወጣ ነበር።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ «እኔ ካልመጣሁማ አትገቡም» ብሎ አብሮን መጣ። ሰባ ዓመት አልፎታል። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ክራቫት አስሯል። በዚያ ፀሐይ!

«ጋሼ፣ ክራቫቱ ግን ለምን አስፈለገ?» አልኩት።

«ብሔራዊ እኮ ነው የምንሄደው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገርኩም።

መድረሱ ቀላል ነው። ሚኒባስ ረዳቶቹ ቀኑን ሙሉ «ብሔራዊ! ብሔራዊ!» እያሉ ይጠሩታል። ከቦሌም ከሜክሲኮም አይጠፋም። ቀላል ባቡሩም ለገሐር ወይም ስታዲየም ያወርዳችኋል፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ሰዓቱ ሲጨናነቅ ግን ባቡሩን አልመክርም። ሽማግሌ ከያዛችሁ ደግሞ ጨርሶ።

እኛ በመተግበሪያ በሚጠራ ታክሲ ሄድን። ሹፌሩ ካርታው ላይ ቁጭ ብለን እየታየነው ደውሎ «የት ናችሁ?» አለ። የሁሉም ልማድ ስለሆነ አልከፋኝም። የከፋኝ ስንደርስ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ሒሳብ አንድ ነው፤ እሱ የጠየቀው ሌላ። «ዳያስፖራ አይደለሽ? ነዳጅ ጨምሯል» አለኝ። ጋሼ ከኋላ ሆኖ «ልጄ፣ ስልክህ የጻፈውን ተቀበል» ሲለው ልጁ አፍሮ ተቀበለ። ጉርሻ ጨመርኩለት፤ ቢከራከረኝ ኖሮ ያንን አልሰጠውም ነበር። ስትሳፈሩ ሒሳቡ በስልኩ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በኋላ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ደጁን ትጎበኛላችሁ። ፊት ለፊት የቆመው የድንጋይ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ሥጋ ለባሽ አንበሳ አይመስልም። ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ወደ ላይ የተሳበ፣ ቀና ያለ ነው። ልጄ ወዲያው ወደደችው። ብዙ ሰው ከለገሐሩ አንበሳ ጋር ያምታታዋል። የለገሐሩ የነሐስ ነው። ፋሺስቶች ሮም ወስደውት ኋላ የተመለሰው እሱ ነው። የዘርዓይ ደረስ ስም አብሮ የሚነሣውም ከሱ ጋር ነው። ሁለቱ ባንድ ከሰዓት በእግር ይታያሉ።

ዙሪያውን ማየትም ደስ ይላል። የትያትር ቤቱን ንድፍ የሠራው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ነው። ያቺ ክብ የንግድ ባንክ ሕንፃም የሱ ሥራ ናት። አሁን ሁለቱም ከአዲሱ የንግድ ባንክ ሕንፃ ሥር ትንንሽ ሆነው ይታያሉ። አዲሱ ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማላ! ጋሼ አንገቱን ቀና አድርጎ አየውና «እሱ ውስጥ ደግሞ ማን ይዘፍናል?» አለ።

ትያትር ቤቱን የጀመሩት ጣሊያኖች ናቸው። ሲኒማ ማርኮኒ ሊሉት አስበው ነበር። ከነጻነት በኋላ ሥራው ተስፋፍቶ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል እንዲደርስ ተደረገ። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ትያትር የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ትያትር ተባለ። አዳራሹ ከሺህ ሰው በላይ ይይዛል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ሲከፈት የራሱን ኦርኬስትራ ይዞ ነው የተከፈተው። መጀመሪያ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር መራው። ከዚያ ነርሲስ ናልባንዲያን ተረከበ። የናልባንዲያኖችን ነገር ለልጄ በታክሲው ውስጥ ነግሬያት ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች በነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አብሮ መጣ። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ የተሰማውንና እስከ አብዮቱ ድረስ የቆየውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው። ነርሲስ የሱ የወንድም ልጅ ነው።

ነርሲስ የሠራው ነገር ዛሬም ይሰማል። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በትራምፔት፣ በትሮምቦንና በሳክስፎን እንዲጫወቱ አድርጎ አቀናበረ። አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝታችንን በብዙ መሣሪያ ስታከፋፍለው ጣዕሙ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጄ እንዳስረዳችኝ ከሆነ ዋናው ችግር ከሥር የሚደረበው ድምፅ ነው። የፈረንጁን ኮርድ (ባንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ዝም ብለህ ከደረብክበት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ነርሲስ ይህን አውቆ ነው የሠራው። በኋላ ወርቃማው ዘመን ያልነው የስድሳዎቹ ሙዚቃ ያደገው ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስ፣ ከምድር ጦርና ከዚህ ቤት ኦርኬስትራዎች ነው። ሁሉም የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። ያን ጊዜ የግል ባንድ ብርቅ ነበር።

ትኬት የምትገዙት ደጃፉ ላይ ካለው መስኮት ነው። ዋጋው እኛ ታክሲ ላይ ካወጣነው ያነሰ ነው። የማጋንን እንዳይመስላችሁ፤ ለደርሶ መልሱ ታክሲ የከፈልኩት ከሦስታችን መግቢያ በልጧል። ዝርዝር ጥሬ ብር ያዙ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ጋሼን ስታይ «አባባ፣ ደረጃ እንዳያስቸግርዎት ወደ መሐል ልስጥዎት» አለች። እሱ ደግሞ «ሦስት ለመሐል፣ ከመተላለፊያው አጠገብ» ብሎ እንደ ደንበኛ አዘዘ። በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ሴትና ወንድ ለየብቻ ነው የሚፈተሸው። ትልቅ ካሜራ ከያዛችሁ ማስፈቀድ ስለሚጠይቅ ቤት ተዉት። ስልካችሁ ይበቃል፤ እሱንም ቢሆን ኪሳችሁ ውስጥ።

ፕሮግራሙ የበዓል ሰሞን ስለነበር ድብልቅ ነው። የባህል ኦርኬስትራው፣ ውዝዋዜው፣ ከዚያ ዘመናዊው። መጋረጃው ሲከፈት የባህል ኦርኬስትራው በረድፍ ተቀምጦ ነበር። ፊት ማሲንቆዎቹ፣ ከጎን ክራሮቹ፣ ከኋላ ዋሽንትና ከበሮው። ልጄ ሳታስበው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የምታውቀው አቀማመጥ ነዋ። ባለ አውታሮቹ ከፊት፣ የሚነፉት ከኋላ፣ የሚመቱት ዳር።

ከመጀመራቸው በፊት አንድ ባለ ማሲንቆ ጎንበስ ብሎ ከኪሱ የሆነ ነገር አወጣ። ዕጣን ነው። የደጋኑን ጭራ አሸበት። ከዚያ በአውራ ጣቱ ሞከረው። ልጄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «እማ፣ ሮዚን ነው! እኛም እኮ እናደርጋለን።» እሷ ለቫዮላዋ ደጋን የምትቀባውን፣ በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠውን ሙጫ በውድ ነው የምገዛላት።

ማሲንቆውን በቅርብ ላላየው ሰው ልንገር። አንድ አውታር ብቻ አለው። አውታሩም የፈረስ ጭራ ነው፤ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ከጭራ ጋር ነው የሚተሻሸው። ሳጥኑ በቆዳ ተለብጧል። ቫዮላ ላይ ጣትህ አውታሩን ከእንጨቱ ጋር ይጫነዋል። ማሲንቆ ላይ የሚጫኑበት እንጨት የለም። ጣቱ አውታሩን ከጎን ነካ ብቻ ያደርገዋል። ስለዚህ ድምፁ የሚገኘው በጆሮ ብቻ ነው። ጣት ትንሽ ቢንሸራተት ድምፁም ይንሸራተታል፤ ያ መንሸራተት ነው ለቅሶ የሚያስመስለው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን አንቺ ሆዬ ሲጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ። ማይኩ በርቶ ነበር። ግን ልኩን ጠብቋል። የደጋኑ መፋተግ ሳይቀር መሐል ረድፍ ድረስ ይሰማል። ቦሌ በዚያ ሁሉ ስፒከር ያልሰማሁትን እዚህ ሰማሁት።

ዋሽንት ነፊውን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ ዋሽንት ይዞ አይመጣም። አጭርና ረጅም ሸምበቆዎች በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቡ አስቀምጧል። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ በኋላ እንደ ክራር አይቃኝም። ስለዚህ ዘፋኝ በተቀየረ ቁጥር፣ ድምፁ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ሌላ ያነሣል። አንዱ ዘፈን አልቆ ጭብጨባው ሳያበቃ እጁ ጨርቁ ውስጥ ነው። አንዴ አንስቶ አየና መለሰው፤ ሌላ መረጠ። ዘፋኟ ዞር ብላ ጠበቀችው። ማንም አልተጣደፈም።

ከዚያ እምቢልታ ነፊዎች ገቡ። ሦስት ናቸው። አንዱ እምቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው የሚያወጣው። ዜማውን ብቻውን የሚጫወት የለም። አንዱ ሲተው ሌላው ያነሣል፤ ዜማው የሚገጥመው ከሦስቱ ነው። ልጄ ቁጥር እየቆጠረች ልትከታተል ሞከረች። ሲያቅታት ተወችውና ዝም ብላ ሰማች። ይህን ምግብ ቤት ውስጥ አታገኙትም። ለራት ማጀቢያ አይሆንማ።

ክራሮቹ በትልቁ ባስ ክራር ተደግፈው ነበር። በዚህ ላይ አስተያየት አለኝ። ባስ ክራሩ ጥሩ ነገር ነው፤ ሥር ይሰጣል። አንዳንድ ቦታ ግን ትንሹን ክራር ይውጠዋል። የኔ ጆሮ ይሁን የተቀመጥንበት ቦታ አልፈርድም። ጋሼ ግን እሱንም ወዶታል። እሱ ሁሉንም ነው የወደደው።

ዘመናዊው ክፍል ሲመጣ ጋሼ ሌላ ሰው ሆነ። ነሐሶቹ ገና መግቢያውን ሲነፉ እግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ። ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ ስም ይጠራልኛል። ምኒልክ ወስናቸው ከዚህ ቤት ኦርኬስትራ ጋር ይዘፍን እንደነበር። ጌታቸው መኩሪያ በወጣትነቱ፣ ቤቱ በተከፈተ ሰሞን፣ እዚህ ሳክስፎን ይነፋ እንደነበር። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። ሽለላ ዘማች ጠላቱን የሚያስፈራራበት፣ ራሱን የሚያሞግስበት ነው። ያንን ጩኸት ከነግርማው ወደ ፈረንጅ መሣሪያ አዞረው። በኋላ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። በስተርጅናው ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባል ባንድ የሆላንድ ልጆች ጋር አውሮፓን ዞረ። በ2008 ዓ.ም. አረፈ። ያን ቀን መድረክ ላይ የነበረው ሳክስፎን ነፊ ወጣት ነው። ፉከራ የሚመስል ነገር ጣል ሲያደርግ ከኋላችን አንድ ሰው «እሰይ!» አለ። ጋሼም ዞሮ ራሱን ነቀነቀለት።

ዘፋኞቹ በየመሐሉ እየገቡ የድሮ ዘፈኖችን ነው የተጫወቱት። ድምፃቸው ጥሩ ነው። ከአለባበሳቸው ላይ ግን ብልጭልጩ ቢቀነስ ባይ ነኝ። ይህ የኔ ጣጣ ነው። ውዝዋዜውን በሁለት ቃል ልለፈው፤ ንጹሕና ያልተጣደፈ። እያንዳንዱ ጭፈራ የራሱ ጊዜ ተሰጥቶታል። እስክስታውም ሲጀምር ከትከሻ ብቻ ሳይሆን ከአንገት ተነሥቶ ቀስ እያለ ሲወርድ ታዩታላችሁ።

ስለ ተመልካቹም ልናገር። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ቤተሰብ፣ ጥንዶች፣ ጡረተኞች። ከውጭ የመጣ የሚመስል ከኛ በቀር ብዙ አላየሁም። ይህ ነው የሚቆጨኝ። ገና ሰሞን ቦሌ ካፌዎቹ በኛው ተጨናንቀዋል። ሁሉም «ምን የሚታይ አለ?» ይላል። ይኸው አለ።

ለማነጻጸር ሌላ ኮንሰርትም ገብቼ ነበር። ሰፊ አዳራሽ፣ ታዋቂ ዘፋኝ። ትኬቱን በስልክ አስቀድሜ ነው የገዛሁት። ዋጋው ከብሔራዊው ጋር አይወዳደርም፤ ብዙ እጥፍ ነው። በሩ ላይ የስልኩን ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ኔትወርክ እምቢ አለው። በወረፋ ቆምን። ዝግጅቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ። ይቅርታ የጠየቀ የለም። ሲጀመር ደግሞ ከበሮው ደረት ይመታል፤ ቃሉ አይሰማም። ወጣቶቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ደስ ይበላቸው። እኔ ግን ግጥም መስማት እወዳለሁ። የአማርኛ ዘፈን ግጥሙ ካልተሰማ ግማሹ ቀረ።

ከዝግጅቱ በኋላ ልጄ ማሲንቆ ካልገዛሽልኝ አለች። ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ባንዱ ገባን። ሻጩ ትሑት ነው። ከግድግዳው ላይ አውርዶ ሰጣት። ደጋኑን ስትስብበት ምንም። አውታሩ ናይለን ነው፤ ሳጥኑም ተሰንጥቋል። ለግድግዳ ጌጥ የተሠራ ነው። ሻጩም አልካደም። «የሚጫወት ከፈለጋችሁ ከሠሪ ነው» አለን። ሐቀኛ ሰው ነው፤ እሱን በማማረር አልቆጥረውም። በዘመድ በዘመድ አንድ የሚሠሩ አባት ተገኙ። ሁለት አውታር ትርፍ፣ ዕጣን በትንሽ ላስቲክ ጨምረው ሰጡን። «ጸሐይ ላይ አታስቀምጪው፤ ቆዳው ይወጠራል» አሏት። እሷም «እሺ አባባ» አለች፤ ዕጣኑንም ተቀብላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። እናንተም ከገዛችሁ ስለ ቆዳው የምትሄዱበትን አገር ጉምሩክ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፀጉሩ ያልተላጨ ቆዳ የማያስገቡ አሉ። አሮጌ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከኢትዮጵያ ለማስወጣትም ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዲስ ግዙ።

ጊዜ ካላችሁ ፒያሳ ሀገር ፍቅርም አለ። ከብሔራዊው ይቀድማል፤ በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወርረን ሲያኮበኩብ ሕዝቡን ለማነሣሣት በተቋቋመው ማኅበር ነው የተጀመረው። ቤቱ አነስ ይላል፤ ትያትር ለማየት ይሻላል እላለሁ። ሙዚቃ የሚማር ልጅ ካላችሁ ደግሞ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዝግጅት እንዳላቸው ጠያይቁ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ራሱ የደረሰውን ሥራ ሃንጋሪ ሄዶ በዚያ አገር ኦርኬስትራ አስጫውቶ የመራ ሰው ነው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ከያሬድ ወጥቶ ሶፊያ ነው የተማረው። ልጄ ይህን ስትሰማ የተማሪዎቹን ዝግጅት ካላየሁ ብላ ነበር። እኛ በሄድንበት ሰሞን ፈተና ላይ ስለነበሩ አልተሳካም።

ወደ ብሔራዊ ስትሄዱ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የጉዟችሁ የመጨረሻ ሳምንት ላይ አታድርጉት። በዚያ ሳምንት ሻንጣ፣ በርበሬ፣ መሰናበቻ ምሳ ነው፤ ትያትር የሚያስብ የለም። ከወደዳችሁትም ለመድገም ጊዜ ይኑራችሁ። ሁለተኛ፣ መስኮቱ ላይ ስትደርሱ «ዛሬ ምን አለ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ያ ቀን የትያትር ከሆነ የትያትሩን ስም ነግረዋችሁ ያበቃል። «የባህል ኦርኬስትራው የሚጫወተው መቼ ነው?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ወንበር ሲያስመርጧችሁ መሐል ረድፍ በሉ። ፊት ረድፍ ከስፒከሩ ሥር ነው፤ የማሲንቆው ደጋን ሲፋተግ ለመስማት መሐሉ ይሻላል። ሽማግሌ ካለ ከመተላለፊያው አጠገብ።